ለዘር የቀረችው ጎመን

ነሐሴ በሰቆጣ ሁለት መልክ አለው። ከ16ኛው ቀን ጀምሮ ልጃገረዶች የሻደይን ቅጠል በወገባቸው አስረው፣ ከበሮ ይዘው፣ ከደጅ ደጅ እየዞሩ ይጫወታሉ፤ ከተማው በዘፈን ይደምቃል። በዚያው ወር ግን በብዙ ቤት ጎታው ይራቆታል። የአምናው ማሽላና ገብስ ተበልቶ አልቋል፤ የዘንድሮው ገና በማሳ ላይ ነው። ፍልሰታ ሲፈታ አቅም ያለው ቅቤና ሥጋ ይቀምሳል። ለሌላው ግን እንጀራው ላይ የሚወጣው ከጓሮ የተቀነጠሰ ጎመን ነው። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት አንድ ቁንጥር ዘር የበተነች እናት ይህን ወር ቀለል ባለ ልብ ትሻገረዋለች።

ተወልጄ ያደግሁት ሰቆጣ ነው፤ እንጀራዬም ባዮሎጂ ማስተማር ነው። ከማድ ቤቴ ጀርባ እስከ ድንጋዩ ካብ ባለችው ጠባብ መሬት ላይ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ካሮትና ትንሽ ፌጦ አበቅላለሁ፤ ሁሉንም ከዘር። ባልደረቦቼ ይገርማቸዋል። «ችግኙ በገበያ እያለ ምን አደከመሽ?» ይሉኛል። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ እኔም መልስ አለኝ። ችግኝ የገዛ ሰው የአንድ ወቅት ወጥ ገዛ፤ ከዘር የጀመረና ዘር ያስቀረ ሰው ግን ለከርሞም አበጀ። ለእኔ የጓሮ አትክልት ትልቁ ደስታ እዚህ ላይ ነው።

ጠባብ መሬት፣ አጭር ክረምት

የዋግ ኽምራ ዋና ከተማ ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በደሃናና በጋዝጊብላ በኩል አገሩ ወደ ደጋ ይወጣል፤ በዝቋላ፣ በአበርገሌና በሰሃላ በኩል ደግሞ ወደ ተከዜ ሸለቆ ይወርዳል፤ እዚያ ሙቀቱ የቆላ ነው። ስለዚህ በአንድ ዋግ ኽምራ ውስጥ አንድ ዓይነት ዘር የተለያየ ጠባይ ያሳያል። የሰላጣ ዘር አፈሩ ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከሞቀ አልበቅልም ብሎ ይተኛል፤ ቆላ ያለ ሰው አመሻሽ ላይ ዘርቶ፣ ዳስ ሠርቶለት፣ አፈሩን ማቀዝቀዝ አለበት። ቃሪያና ቲማቲም በተቃራኒው ሙቀት ይወዳሉ፤ በደጋው የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ሌሊቱን ያቃጥላቸዋል።

ዝናባችን አጭር ነው። በሰኔ መጨረሻ ወይም በሐምሌ መጀመሪያ ይገባል፤ ብዙ ጊዜም መስከረም ሳይጠባ ይቆማል። ለጓሮ ሰው ከዘር መጀመር የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ዝናቡ ከገባ በኋላ ዘር የሚበትን ሰው የክረምቱን ግማሽ ቡቃያው እስኪጠነክር ሲጠብቅ ያሳልፋል። ከግንቦት አጋማሽ ጀምሮ አንዲት ትንሽ የችግኝ መደብ አዘጋጅቶ በጀሪካን ውሃ ዘር ያፈላ ሰው ግን፣ የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ሲወርድ አምስት ቅጠል ያወጣ ችግኝ ይዞ ይጠብቀዋል። አንድ ካሬ ሜትር የማትሞላ መደብ ለአንድ ቤተሰብ የሚበቃ የጎመን ችግኝ ታወጣለች፤ ውሃዋም ከዕለቱ ፍጆታ የሚተርፍ ነው።

ክረምቱ ሲወጣ ስሌቱ ይለወጣል። በፀሐያማና ነፋሻማ የበጋ ቀን ቅጠል የለበሰ አንድ ካሬ ሜትር መደብ አምስት ሊትር ያህል ውሃ ይጠጣል። ባለ 20 ሊትሩ ቢጫ ጀሪካን እንግዲህ ለአራት ካሬ ሜትር ነው። ውሃ የሚቀዳው ከሩቅ ከሆነ የጓሮው ስፋት በመሬቱ ሳይሆን በትከሻ ይወሰናል። ስለዚህ በበጋ መደቤን አጠባለሁ፤ ጎመንና ቆስጣ ብቻ አስቀራለሁ። ሳሙና ያልበዛበትን የዕቃ ማለቅለቂያና የእህል እጣቢ ሁሉ ወደ መደቡ እወስዳለሁ። አፈሩን በጤፍ ጭድ አለብሰዋለሁ፤ ጉዝጓዙ ፀሐይ የምትመጥጠውን ውሃ በብዙ ይቀንሳል።

የመደቡ ቅርጽም ከወቅቱ ጋር ይለዋወጣል። በክረምት መደቡን ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ መሥራት ይበጃል፤ ውሃ ከተኛበት ሥሩ ይታፈናል፤ ይበሰብሳል። በበጋ ግን መደቡ ከመሬት ዝቅ ይላል፣ ዙሪያውም በአፈር ይገደባል፤ ያጠጣነው ውሃ ወደ ጎን ሳይፈስ እዚያው ይሰርጋል። አፈራችን ስስና ድንጋያማ ስለሆነ ፍግ ካልገባበት የትም አያደርስም። ፍጉ ግን ከከረመ በኋላ ነው የሚገባው። ትኩሱ በጠጥ ለጋውን ሥር ያቃጥላል፤ የአረም ዘርም ይዞ ይመጣል።

ዘሩ ሲነቃ

ተማሪዎቼን ዘር ምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ደረቅ ፍሬ» ይሉኛል። ዘር ደረቅ ይምሰል እንጂ በውስጡ ሕይወት ያለው ፅንስ አለ፤ ለመንገዱ የሚበቃውን ስንቅም ቋጥሯል። ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፤ ልባሱ ይቀደዳል፤ መጀመሪያ ሥሩን ወደ ታች ይሰድዳል። ቅጠሉ ብርሃን እስኪያይ ድረስ የሚበላው ያንኑ ስንቅ ነው። ትንሽ ዘር በጥልቀት ሲቀበር የሚቀረውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ስንቁ ከአፈር ሳይወጣ ያልቅበታል። ደንቡ ቀላል ነው፤ ዘሩን የራሱን ውፍረት ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ በሚሆን አፈር መሸፈን ይበቃል። የሰላጣ ዘር ደግሞ ለመብቀል ብርሃን ስለሚወድ አፈር ይነሰነስበታል እንጂ አይቀበርም።

ልጅ ላለው ቤት የምመክረው በፌጦ መጀመርን ነው። እኛ ፌጦን የምናውቀው ሆድ ሲታመም በመድኃኒትነቱ ነው፤ ቡቃያው ግን ከሰላጣ ጋር የሚበላ፣ ምላስ ቆንጠጥ የሚያደርግ ቅጠል ነው። በሁለት ሦስት ቀን ይበቅላል፤ የሕፃን ትዕግሥትም እስከዚያ ድረስ ይበቃል። ከዚያ ጎመኑ ይከተላል፤ ከአራት እስከ ሰባት ቀን ይወስዳል። ቲማቲም ከስድስት እስከ አሥር ቀን ያስጠብቃል። ቃሪያ ግን ሰነፍ ነው፤ ከአሥር እስከ ሃያ ቀን ያቆያል። ካሮት ሁለት ሦስት ሳምንት መሬት ውስጥ ይደበቃል፤ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ መደቡን የሚገለብጠው ሊወጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ አፈሩ መድረቅ የለበትም። እኔ እርጥብ ጆንያ አለብሰዋለሁ፤ የመጀመሪያው አረንጓዴ ክር ብቅ ሲል ጆንያውን አነሣለሁ።

የቆስጣ ዘር ለብቻው ይነገርለት። ሻካራዋ ፍሬ በእውነት የተጣበቁ ፍሬዎች ጥቅል ናት፤ ከአንዷ ሁለት ሦስት ቡቃያ ተቃቅፎ ይወጣል። ጠንካራውን አስቀርቶ ሌላውን መንቀል ያስፈልጋል። የተነቀለውም አይጣልም፤ ከሽሮ ወጥ ጎን ለጋ ቅጠል ሆኖ ይቀርባል።

ከሱቅ የሚገዛ ዘር በጣሳ ወይም በትንሽ ፓኬት ይመጣል። በአገራችን በብዛት የሚታዩት ፎርድሁክ ጃይንት የሚባለው ቆስጣ፣ ሮማ ቪ.ኤፍ. የተባለው ቲማቲም፣ ቦምቤይ ሬድና አዳማ ሬድ የሚባሉት ቀይ ሽንኩርቶች ናቸው። ከመግዛት በፊት ጀርባውን ገልብጦ የታሸገበትን ቀን ማየት ያሻል። በተለይ የሽንኩርት ዘር ዕድሜው አጭር ነው፤ ከአንድ ሁለት ዓመት በኋላ አብዛኛው አይበቅልም። የቲማቲምና የጎመን ዘር ግን በደረቅና በቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠ አራት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቆያል። የተጠራጠረ ሰው አሥር ዘር ቆጥሮ በእርጥብ ጨርቅ ይጠቅልልና ሞቅ ያለ ቦታ ያስቀምጥ። ከአሥሩ ስምንቱ ከበቀሉ ዘሩ ደህና ነው። አምስት ብቻ ከሆኑ እጥፍ መዝራት ነው። ከዚያ ካነሱ ገንዘብም ውሃም ማባከን ይሆናል።

ከመደብ ወደ መደብ

ካሮትና ቀይ ሥር መዛወርን አይወዱም፤ ሥራቸው ይቆለመማል። እነሱ ባሉበት ይዘራሉ፤ ሲወጡም የተጠጋጉት እየተነቀሉ ይሳሳሉ። ጎመን፣ ቲማቲም፣ ቃሪያና ሽንኩርት ግን በችግኝ መደብ አድገው ቢዛወሩ ይሻላቸዋል። የጎመን ችግኝ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ሲሞላው ለዚህ ይደርሳል። ከመዛወሩ ሳምንት በፊት ዳሱን ቀስ በቀስ ማንሣትና ውሃውን መቀነስ ያስፈልጋል፤ በጥላ የተቀማጠለ ችግኝ በዋግ ፀሐይ ላይ በድንገት ሲወጣ ይጠወልጋል። የሚተከለውም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወይም ደመና ሲሆን ነው፤ በችግኞቹ መካከል ከ30 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ይተዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው ጠላት ብዙ ነው። ትልቋ ዶሮ ናት፤ በአንድ ጠዋት የወር ድካም ጭራ ትጨርሳለች። ስለዚህ ከዘር በፊት አጥር ይቀድማል፤ የግራር እሾህ ከድንጋዩ ካብ ላይ ከተደረበበት ፍየልም አይደፍረውም። በጎመን ቅጠል ሥር የሚርመሰመሰውን ክሽክሽ ገና ጥቂት ሳለ በጣት መጨፍለቅ፣ ከበዛም በቀጭን የሳሙና ውሃ ማጠብ ይበቃል። ለቤተሰብ መሶብ በሚሆን ቅጠል ላይ መርዝ የሚረጭበት ምክንያት አይታየኝም።

ጎመን ሲለቀም ከታች ከታች ነው፤ የአናቱ ለጋ ካልተነካ ለወራት ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲበላ ይመክራል። ለእኛ ይህ መጠን የሰማይ ያህል ይርቃል፤ ጓሮ ያለው ቤት ግን ይጠጋዋል። ጥቁር አረንጓዴ ቅጠልና ካሮት ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠውን ንጥረ ነገር ይይዛሉ። ይህ ንጥረ ነገር ከቅባት ጋር ሲሆን ነው በደንብ ወደ ሰውነት የሚገባው። በጾም ጎመኑ ላይ የምናንጠባጥበው ዘይት ለጣዕም ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ክር የታሰረባት

ዘር ማስቀረትን የተማርኩት ከዩኒቨርሲቲ ሳይሆን ከጎረቤቴ፣ እኔ «እማማ» ከምላቸው አሮጊት ነው። ጎመናቸው ሲያድግ በመደቡ መካከል እየተዘዋወሩ ያያሉ። ቅጠሏ የሰፋውን፣ ክሽክሽ ያልደፈራትን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ለማበብ ያልቸኮለችውን ይመርጡና ግንዷ ላይ ቀይ ክር ያስራሉ። ክር የታሰረባት ጎመን አትቀነጠስም። እንግዳ ቢመጣ፣ ወጡ ቢያንስ፣ የልጅ ልጆቻቸው አይነኳትም።

«የቸኮለችውን ለዘር አትተዪ ልጄ» አሉኝ አንድ ጊዜ፤ «ልጆቿም ቸኳይ ናቸው።»

በክፍል ውስጥ በሁለት ክፍለ ጊዜ የማስተምረውን የዘር ውርስ እማማ በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት። ብዙ ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። ጥሩ ጥሩዋን ጎመን ይበላና መጀመሪያ አበባ አውጥታ የመረረችውን «ለዘር ትሁን» ብሎ ይተዋታል። ይህ በየዓመቱ ሲደጋገም ጓሮው ቅጠል ሳይሰጥ ወደ አበባ የሚሮጥ ጎመን ይሞላበታል። ከዚያ «ዘሩ አረጀ» ይባላል። እንዲህ የሆነው ዘሩ አርጅቶ አይደለም፤ በምርጫችን ነው።

የሀበሻ ጎመናችን ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ዘሩ ምጣድ የምናስስበት ጎመን ዘር ነው፤ ቅጠሉም ዘሩም የአንድ ተክል ናቸው። ኡ ጃንግ ቹን የተባለው ኮሪያዊ የዕፅዋት ሳይንቲስት በ1935 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሥራ ይህ ተክል ከሰናፍጭና ከጥቅል ጎመን ወገን መዳቀል የተገኘ መሆኑን በክሮሞዞም ጥናት አሳይቷል። አበባው በአብዛኛው ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል ልጁ እናቱን ይመስላል። ቲማቲምም እንዲሁ ነው። ድቅል ተብሎ ከሚሸጥ ፓኬት የበቀለ ቲማቲም ግን ልጆቹ የተዘበራረቁ ይሆናሉ፤ ከእሱ ዘር ማስቀረት አይመከርም።

የጎመኑ ቆባ ቢጫ ሲሆን፣ ጤዛው ሳይረግፍ ጠዋት ይታጨዳል፤ ቀትር ላይ ከተነካ ቆባው ፈንድቶ ዘሩ መሬት ይቀራል። በነጠላ ላይ ይደርቃል፣ ይወቃል፣ ይነፋል። ከአንዲት ጎመን በሺህ የሚቆጠር ዘር ይገኛል። የቲማቲም ዘር ደግሞ ከነጭማቂው በብርጭቆ ሁለት ሦስት ቀን ከቆየ የሚያንሸራትተው ልባሱ ይለቅና ይታጠባል፤ ከዚያ በጥላ ይደርቃል። እማማ ዘራቸውን ከተነፋ አመድ ጋር ቀላቅለው በቅል ያስቀምጣሉ። አመዱ እርጥበቱን ይመጥጣል፤ ነቀዝንም ያርቃል። እኔ ክዳኑ የጠበቀ ጠርሙስ እጠቀማለሁ፤ የዘሩን ስምና ዓመተ ምሕረት ጽፌ እለጥፍበታለሁ።

ዘር የሚበላበት ቀን

በዋግ ዘር ማስቀረት ከጨዋታ በላይ ነው። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ ከብቱን፣ ቀጥሎ ዕቃውን ሸጠ፤ በመጨረሻም ለዘር ያስቀረውን በላ። ከዚያ ወዲያ መንደሩ የሚያቆይ ነገር አልነበረውም፤ ከዋግ ብዙው ሰው እግሩ እስከመራው ወደ ቆረም መጠለያ ተሰደደ። ዝናቡ ሲመለስ እንኳ መሬቱ ላይ የሚበተን ነገር አልነበረም። ታላላቆቻችን እስከ ዛሬ ለዘር የተቀመጠን እህል ለወፍጮ ማውጣት የሚከብዳቸው በዚህ ነው።

የዘርን ዋጋ የሚያውቁ ሌሎችም ነበሩ። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን ተዘዋውሮ ዘር ሰብስቧል፤ አገራችንንም የሰብል ዝርያዎች ከሚመነጩባቸው ጥቂት የዓለም አካባቢዎች አንዷ ብሎ መዝግቧል። ሌኒንግራድ በጀርመን ጦር ስትከበብ እሱ ይመራው የነበረው የዕፅዋት ተቋም ሠራተኞች የተሰበሰበውን ዘር አንበላም ብለው በረሃብ ሞተዋል፤ ቫቪሎቭ ራሱ በ1943 እ.ኤ.አ. በሳራቶቭ እስር ቤት ሕይወቱ አለፈ። በእኛም አገር ዶክተር መላኩ ወረደ የአዲስ አበባውን የዕፅዋት ዘር ማዕከል ሲመሩ፣ ዘር በማቀዝቀዣ ብቻ ሳይሆን በገበሬው እጅና ማሳ ላይ መጠበቅ እንዳለበት አጥብቀው ሠርተዋል፤ ለዚህም በ1989 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝተዋል። የእማማ ቅል ያንኑ ሥራ በትንሹ ይሠራል። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ መንገድ ተዘግቶ የፓኬት ዘር ከሱቅ ሲጠፋ፣ በሰፈራችን ጎመን ያልጎደለው ቅል ካለበት ቤት ነው።

የከተማችን ስም አሁን ከሌላ ነገር ጋርም ይነሣል። መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ባወጀው የሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር በ2030 እ.ኤ.አ. ለማጥፋት ተነሥቷል፤ ሥራውም በተከዜ ተፋሰስ ባሉ ወረዳዎች ተጀምሯል። በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት 37 በመቶዎቹ የቀነጨሩ ነበሩ። የጓሮ ጎመን ይህን ብቻውን አይፈታም፤ ንጹሕ ውሃ፣ ወተት፣ እንቁላልና ጤና ጣቢያ ያስፈልጋል። ነገር ግን ከጓሮ የሚለቀም ቅጠል እናት ማንንም ሳትጠይቅ፣ ገበያ ሳትጠብቅ ለልጇ ገንፎ የምትጨምረው ነው።

መጀመር ለሚፈልግ

በአንዲት መደብ ይበቃል፤ ርዝመቷ ሁለት ሜትር፣ ስፋቷ ከሁለቱም ጎን እጅ መሐሏን እስኪነካ ድረስ። መጀመሪያ አጥሩ፣ ቀጥሎ የከረመ ፍግ፣ ከዚያ ዘር። ለመጀመሪያው ዓመት ጎመንና ፌጦ ይዝሩ፤ ሁለቱም የአገራችንን አፈር ያውቃሉ፤ ዘራቸውም በቀላሉ ይቀራል። የቲማቲሙና የካሮቱ ተራ በሁለተኛው ዓመት ይደርሳል።

ጎመኑ ሲያድግም ክር የሚታሰርባትን አንዲት ይምረጡ። ዘሯን ሲሰበስቡ ግማሹን ለቤትዎ ያስቀምጡ፤ ግማሹን ለሁለት ወይም ለሦስት ጎረቤት ያካፍሉ። ይህን የምለው ለደግነት ብቻ አይደለም። ዶሮ አጥር ዘልላ የእርስዎን መደብ ብትጨርስ፣ ጠርሙሱ እርጥበት ገብቶበት ቢሻግት፣ ያው ዘር በሌላ ቤት ይጠብቅዎታል። የእኔ ጎመን ከእማማ ቅል የወጣ ነው፤ እሳቸውም ለዘር ያስቀሩት የጠፋባቸው ዓመት ከእኔ ጠርሙስ ወስደው ዘርተዋል።